ጢሙን የተላጨው ቆረሶ

ከደሴ በወልዲያ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ ስሟ ሐይቅ ነው። አጠገቧ የተንጣለለው ውሃም ስሙ ሐይቅ ነው። ስለዚህ «የሐይቅ ሐይቅ» እንላለን፤ ማንም ፈገግ አይልም። ወደ ውሃው የገባውን የእስጢፋኖስን ገዳም ደግሞ እስከ ዛሬ «ደሴቱ» የሚሉት አሉ፣ በእግራቸው እየገቡ። (እየገቡ ስል ወንዶቹን ነው፤ ሴት አይገባበትም።) ድሮ በእርግጥ ደሴት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ ገዳም ካደረጉት ወዲህ ውሃው ሸሸ፣ መሬቱ ከየብሱ ጋር ተያያዘ፣ ስሙ ግን እዚያው ውሃ መካከል ቀረ።

ይህን ሁሉ የማወራው ዓሣ ስለበላሁ ነው።

ነገሩ የሆነው ኢድ ባለፈ በሳምንቱ ነው፤ የሁዳዴ ጾም ገና አልተፈታም። እኔና አብሮ አደግ ጓደኛዬ ከደሴ ወጥተን ሐይቅ ምሳ ልንበላ ሄድን። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። እንደ ወሎ ሰው ሁሉ ሠርግ አብረን እንውላለን፣ ለቅሶ አብረን እንደርሳለን፣ ሥጋው ሲቀርብ ብቻ እሱ ወደዚያ ድንኳን እኔ ወደዚህ። ከአንድ ትሪ የሚያቆርሰን ዓሣ ነው። ዓሣ ላይ ቢላዋውን ማን እንደያዘው አይጠየቅም፤ በስመ አብም ቢስሚላሂም ሳይጠብቅ ሞቶ የሚመጣ ፍጡር ነው።

«በሁዳዴ ዓሣ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ካህናቱ ዓሣ ጾም አይደለም ብለው ከፈረዱ ቆይተዋል። ምግብ ቤቶቹ ደግሞ ይግባኝ ብለው «የጾም» ከሚለው ርእስ ሥር፣ ከሽሮና ከተጋቢኖ ቀጥሎ ጽፈውታል። እኔ እንደ ብዙው ሰው የይግባኙን ውሳኔ እየጠበቅሁ እበላለሁ።

ገባን። የምግብ ዝርዝሩ ቆረሶ ጥብስ፣ ቆረሶ ጉላሽ፣ ቆረሶ ፊሌቶ እያለ ይወርዳል። እኔ የምወደው ጥብሱን ነው። ሙሉው ቆረሶ ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ፣ ከነጭንቅላቱ፣ ጅራቱ ደርቆ እንደ ቆሎ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰውን።

«ጥብሱ የለም ጋሼ፤ ፊሌቶ ነው ያለው» አለ አስተናጋጁ።

ሙሉው ከሌለ ቁራጩ ከየት መጣ? ይህን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ርቦኝ ነበር፤ ደግሞም ሠላሳ ኪሎ ሜትር መጥቶ የማይፈልገውን መልስ የሚፈልግ ሰው የለም። «ይሁን፣ ፊሌቶ» አልኩ።

ጓደኛዬ ግን ነገር ያውቃል። «ለእኔ አምባዛ» አለ።

ልጁ ደነገጠ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ዞረ፣ ከዚያ «አምባዛ አንሠራም» አለ።

«አብሽር ልጄ» አለው ጓደኛዬ፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። «እኔ ቅርፊት አልቆጥርም። እኔ ዘንድ የውሃ ነገር ሁሉ ሐላል ነው።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ የአገር ምሥጢር እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብሎ፣ «ለእርስዎ ይፈለጋል» አለና ሄደ።

ለማያውቅ እዚህ ላይ ላስረዳ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቆዳው ልሙጥ፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ አፉ ዙሪያ እንደ ድመት ጢም የተንጠለጠለበት ዓሣ ነው፤ ፈረንጆቹም «የድመት ዓሣ» ይሉታል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ደግሞ ከውሃ ውስጥ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ነው ይላል። አገራችን ይህን ሕግ እስከ ዛሬ ይዛለች። ለዚህ ነው ብዙ ክርስቲያን ቆረሶውን እየበላ አምባዛውን የሚጸየፈው። ጓደኛዬ በዚህ በኩል ዕዳ የለበትም።

ሁለት ሳህን መጣ። ሁለቱም ላይ ከእጄ መዳፍ የሚረዝም፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንዲት እሾህ የሌለበት ቁራጭ ተኝቷል። ዳርና ዳሩ ቀላ ያለ መስመር አለው። ያን የሚያህል ሥጋ የሚወጣው ቆረሶ ከትሪ የማያንስ መሆን ነበረበት። የሁለቱ ሳህን ዘይት አንድ፣ ሽታው አንድ፣ የተቃጠለው ጫፍ እንኳ አንድ ዓይነት፤ ከአንድ መጥበሻ እኩል እንደወጡ ይመሰክራሉ። ጓደኛዬ የእሱን ሳህን አየ፣ የእኔን አየ፣ ምንም አላለም። ሎሚ ጨመቀበት።

ሂሳብ ሲመጣ የእኔ «ቆረሶ ፊሌቶ» ይላል። የእሱ «ዓሣ» ብቻ ይላል፤ ከእኔው በሰማንያ ብር ይረክሳል። እኔ ሰማንያ ብር የከፈልኩት ለሌለ ቅርፊት ነው።

ከምሳ በኋላ ጓደኛዬ መኪናው ውስጥ ጋደም ሲል እኔ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ይሰፋሉ።

«አያ፣ እንደምን ዋሉ? ቆረሶው ወዴት ሄደ?» አልኳቸው።

ነፋስ ነው አሉኝ። ከአምባሰል በኩል የሚወርደው ነፋስ ውሃውን ሲያገላብጠው ቆረሶ ወደ ጥልቁ ይሸሻል፤ ውሃው እንደሆነ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፣ መረብ አይደርስበትም። ትንሽ ቆይተው ጨረቃ ነው አሉ፤ ሌሊቱ ሲበራ ዓሣው መረቡን ያየዋል። እንደገና ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ነው አሉ፤ በጠባብ ዓይን መረብ ጫጩቱን ሳይቀር የሚጠርጉ አሉ፤ ሕግም እኮ ወጥቶ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። እያወሩኝ የሚሰፉትን መረብ በእጄ ዳበስኩት። አንድ ጣቴ በዓይኑ ገባ፤ ሁለተኛውን ብጨምር እንቢ አለ። አዩኝና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ወደ ጨረቃው ተመለስን።

«ታዲያ በዚህ ጊዜ ምን ይሠራሉ?»

«ምን እሠራለሁ፣ መረቡን ጠቅልዬ መንጠቆ አወጣለሁ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም እፍረት የለም። ቆረሶ በመረብ ነው የሚያዘው። አምባዛ ሌላ ሞያ ይጠይቃል። ረጅም ገመድ ላይ በየክንዱ መንጠቆ ይታሰራል፣ ቁራጭ ዓሣ ይሰካበታል፣ ሲመሽ ይጣላል፣ ሲነጋ ይሳባል። አምባዛ ቀን ጭቃው ላይ ተኝቶ ውሎ ሌሊት ነው የሚወጣው፤ በጨለማ በጢሙ እየዳበሰ ምግቡን ያገኛል። ጨረቃም ነፋስም እንደ ቆረሶ አያስጨንቀውም። ሽማግሌው ቆረሶ ሲነፍጋቸው ወደ አምባዛ፣ አምባዛ ሲነፍጋቸው ወደ ማሳቸው ይዞራሉ። ዕቃቸውን ይለውጣሉ፣ የያዙትንም በስሙ ይጠራሉ።

«ሲሸጡስ ምን ብለው ነው የሚሸጡት?»

«አምባዛ ነዋ! ጢሙ እየታየ ምን ልበለው?»

«እኔ ግን ዛሬ ቆረሶ ነው ተብዬ በላሁ።»

ሽማግሌው መርፌያቸውን አቆሙ። አገጫቸውን ወደ አስፋልቱ ቀና አደረጉ። «እሱ እኮ ቆረሶ የሚሆነው መንገድ ላይ ነው» አሉኝ።

ከውሃው እስከ አስፋልቱ የአምስት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። በአምስት ደቂቃ ቅርፊት የሚያበቅል ዓሣ ያለው ሐይቅ ነው የእኛ። መንገዱን በዓይኔ ተከትዬ ወንጀለኛውን ብፈልግ አጣሁት። አጥማጁ አምባዛ ብለው ሸጡ። ነጋዴው ቆዳውን ገፎ፣ ጭንቅላቱን ጥሎ «ፊሌቶ» አለው፤ ፊሌቶ መሆኑ ደግሞ እውነት ነው። ወጥ ቤቷ «ዓሣው ደረሰ» አለች፤ ዓሣ መሆኑም እውነት ነው። ዝርዝሩ ላይ «ቆረሶ» ተብሎ የተጻፈው ቆረሶ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ማን ያጥፋው? አስተናጋጁ የተጻፈውን አነበበ። እኔ ደግሞ ቀዩን መስመር እያየሁ ዋጥኩት። ውሸቱን እንደ ደቦ ሥራ ተካፈልነውና ለማንም አልከበደም።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ነገሩ ሁሉ የኦሪት ሕግም አይደለም። ሽማግሌው አንዳንዴ ካርፕ ይዘው ይወጣሉ። ካርፕ ቅርፊት አለው፣ ያውም ሳንቲም የሚያካክል። ሙሴ ቢጠየቅ ይፈቅድ ነበር። እኛ ግን «እሾሁ ይበዛል፣ ጭቃ ጭቃ ይላል» ብለን እንመልሰዋለን። ሕጉ የሚፈቅደውን ጥርሳችን ከለከለን፤ ሕጉ የሚከለክለውን ጥርሳችን ስለወደደው ስም አወጣንለት።

ቆረሶውም ቢሆን የምንፎክርበትን ያህል የአገር ልጅ አይደለም። ምሳ ስንበላ ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ከረቫት ያሰሩ አንድ አባወራ ለልጆቻቸው ሲያወጉ ጆሮዬ ጥልቅ ብሎ ነበር። የሐይቅ ቆረሶ ለንጉሥ ሚካኤል ግብር ይቀርብ እንደነበር፣ አያታቸው ራሳቸው በበቅሎ ጭነው ደሴ ያደርሱ እንደነበር ይተርካሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ጨዋታው ያምራል። ችግሩ ቆረሶ ወደዚህ ሐይቅ መጥቶ የተለቀቀው በፈረንጆቹ 1978፣ በእኛ በ1970 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተሸነፉት በ1909 ዓ.ም. ነው። አያትየው በቅሎዋን ስድሳ ዓመት ያህል አስቀድመው ጭነዋል።

ሕዝቡ ዓሣ ያግኝ ተብሎ በደርግ ዘመን የተለቀቀ እንግዳ ነው እንግዲህ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ይበላል፣ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች፣ ቶሎ ይራባል። ተመራማሪዎች እሱ ከገባ ወዲህ የሐይቁ ጠባይ ራሱ መለወጡን ጽፈዋል። እኛ ግን ከእኔ በዕድሜ የሚያንሰውን ዓሣ የአያት ቅድመ አያት አድርገነዋል። ወሎ እንግዳ ይወዳል ይባላል፤ እንዲህ ያለ መውደድ ግን ሌላ አገር መኖሩን እንጃ።

ዳርቻው ላይ ሌላ ገበያም ደርቷል። ዓሣ ሲጠፋ ጀልባ ያላቸው ወጣቶች የሚያጠምዱትን ለውጠዋል። አሁን የሚያጠምዱት ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመዝናናት የሚመጣውን ሰው ነው። ጌታ ጴጥሮስንና እንድርያስን መረባቸውን አስጥሎ ሰው አጥማጅ አደርጋችኋለሁ ያላቸውን ቃል እነዚህ ልጆች ቃል በቃል ወስደውታል። «ጀልባ ጋሼ! ገዳሙን በውሃ ያዩታል! ፎቶም አለ!» እያሉ ከመኪናው ሳትወርዱ ይከቧችኋል።

ፎቶው ምን መሰላችሁ? ውሃው ዳር በገመድ የታሰረ አንድ ትልቅ አምባዛ አለ። አምባዛ ደግሞ ከውሃ ወጥቶም አየር እየሳበ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ጉደኛ ዓሣ ነው። ቆረሶ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሁለተኛው ፎቶ ሳይነሣ ይሞታል። አምባዛው ግን ከጧት እስከ ማታ በየእጁ እየተነሣ፣ ውሃ እየተነከረ እየተመለሰ፣ ፎቶ ሲነሣ ይውላል። ክፍያው ለጀልባው ልጅ ነው።

አንድ ጎረምሳ ሲነሣ ቆሜ አየሁ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የተበደረውን የማጥመጃ ዘንግ በአንድ እጁ፣ አምባዛውን በሌላ እጁ አንጠልጥሎ፣ እንደ አዳኝ ደረቱን ነፋ። ዓሣው ሲፈራገጥ ጎረምሳው በጩኸት ለቀቀው፤ አንሥተው እንደገና አስያዙት። የዓሣው ጢም ከልጁ ጢም ይበልጣል።

«ምን ብለህ ትለጥፈዋለህ?» አለችው አብራው ያለችው ልጅ።

«ዛሬ ሐይቅ ላይ ያጠመድኩት ቆረሶ» አለ እየጻፈ።

«ትበላዋለህ?»

«ወይ! ይኼን ጢማም?» ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ውጫሌ ላይ የሚያየው ጉዳይ ስለነበረው ወደ አምባሰል ዘለቅን። መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዛል፣ ሐይቁ ከኋላችን እያነሰ ሄደ፤ እሱ መሪውን በጣቱ እየመታ በዚያው በአገሩ ቅኝት ያንጎራጉራል። ይስማ ንጉሥ የሚባለውን ቦታ አቅጣጫ ሲያሳየኝ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ ኮንት አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት እዚያ ነው። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መጻጻፍ ይችላሉ ይላል፤ ጣልያንኛው በጣልያን በኩል ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል።

ሳቄ አመለጠኝ። «ምን ያስቅሃል?» አለኝ።

«ሂሳቡ» አልኩት። «ያንተ ወረቀት ዓሣ ይላል፣ የእኔው ቆረሶ ይላል። መጥበሻው አንድ።»

«እና?»

«እናማ አያቶቻችን ሁለት ትርጉም አንቀበልም ብለው አድዋ ድረስ ሄዱ። እኔ ሰማንያ ብሬን ከፍዬ ለልጁ ጉርሻ ጨመርኩለት።»

«ከሁሉ የገረመኝ ሳህኑን በእንጀራ መጥረግህ ነው» አለኝና ማንጎራጎሩን ቀጠለ።

ስንመለስ እናቴ ያዘዘችኝ ትዝ አለኝ። በማግስቱ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጡባታል፤ እሷ ጾሙን እንደ ካህናቱ ፍርድ ነው የምትጾመው፣ እንግዶቹ ግን እንደ እኔ ይግባኝ ላይ ያሉ ናቸው። «የሐይቅ ቆረሶ አምጣልኝ» ብላኛለች። ሐይቅ ላይ ቆመን በየሱቁ ጠየቅሁ። ሁሉም ጋ ፊሌቶ አለ። ሙሉው የትም የለም። ሁለት ኪሎ በፌስታል አስመዝኜ ያዝኩ፤ ምንነቱን ሻጩን አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ተግባባን።

ደሴ ስንደርስ መሽቷል። እናቴ ፌስታሉን ተቀብላ መብራቱ ሥር ወሰደችው።

«ቆረሶ ነው?»

«የሐይቅ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አንዱን ቁራጭ አወጣች፣ አገላበጠች፣ ዳሩ ላይ ያለውን ቀይ መስመር በጣቷ እስከ ጫፉ ተከተለችው። የአምባሰል ልጅ ናት፤ ሐይቅ ገበያ ስትመላለስ ነው ያደገችው።

«ይኼስ ጢሙን የት ተላጭቶ መጣ?» አለች።

ዝም አልኩ። ቆይቼ «ልጣለው?» ብላት ተቆጣች።

«ለምን ይጣላል! ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ምኑን ያውቀዋል? ደግሞ እኔ በጾም አልዋሽም፤ ቆረሶ ነው አልላቸውም።»

«ምን ልትያቸው ነው ታዲያ?»

«የሐይቅ ነው እላቸዋለኋ» አለችና ሱቁ ሳይዘጋ ሎሚ ገዝቼ እንድመጣ ላከችኝ።